በመቀነት ሥር የታሰረ ስንቅ

አማቴ ለልጃቸው ያዘጋጁትን ስንቅ አንዲት በቅሎ ቀርቶ ሁለትም ባልቻሉት ነበር። ሙሉ አቁማዳ በሶ፣ በትልቅ አገልግል የተጠቀጠቀ ድርቆሽ፣ አንድ ስልቻ ዳቦ ቆሎ፣ በቅል ቅቤ፣ በሌላ ቅል ማር፣ አንድ እቅፍ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ አሞሌ ጨው፣ ሽሮ፣ ሽሮው የሚሠራበት ድስት ሳይቀር። ሁሉንም ከበሩ እስከ ምድጃው መሬት ላይ ደርድረው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ከውጭ ስገባ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ምን የረሳሁት አለ?» አሉኝ።

የረሱትስ በቅሎዋን ነበር። የነበረችንን አንዲት በቅሎ ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ብሎ ከወሰዳት ዓመት አልፏል።

ይህ የሆነው ጣሊያን ደሴ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ነው። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ባሌ ከሰሜኑ ጦርነት ትከሻውን ቆስሎ ተመለሰ፤ ቁስሉ ጠገግ ሲል መሣሪያ አስረክቡ ተባለ፤ እሱም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ልጃችን የሞተው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አውሮፕላን ከተማውን ሲደበድብ ወደ ጦሳ ተራራ ሸሽተን ዋሻ ውስጥ ሰባት ቀን ስንቀመጥ ብርድ መታው። ስምንት ወሩ ነበር። የቀበርነው እኔና አማቴ ነን።

ከዚያ ወዲህ ውስጤ ያለ አንድ ነገር ዝም አለ። አዘንኩ ማለት አልችልም። ያዘኑ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ያለቅሳሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ሲወጣላቸው ደግሞ ቀለል ይላቸዋል። እኔ እንዲያ አልነበርኩም። እህል አይጣፍጠኝም፣ አይመረኝምም። ጨው የበዛበትን ወጥ ሌላው ሲተፋው እኔ ጨርሼው እነሳለሁ። እጄ ግን አልሰነፈም። ሥራ ሲሰጠኝ እሠራለሁ።

የባሌን ወሬ ያመጣችልን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ገበያ እየወጣች ገንቦ የምትሸጥ ሴት ናት። ገንቦዋን ደጃፋችን ላይ አውርዳ፣ ዋጋ የምትከራከር መስላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በመስከረም ያየው ሰው ነግሮኛል፤ በሕይወት አለ» አለች። «ከኮምቦልቻ በታች፣ ቃሉ ቆላ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ነው። የቸገራቸው ምግብ ነው። እሳት አያነዱም፤ ጭሱ ያስይዛቸዋል። ኮምቦልቻ ባሏ የሞተባት አንዲት ጥጥ ፈታይ አለች፤ ለሷ ብታደርሱላት ታሳልፍላችኋለች።»

ገንቦዋን ተሸክማ ልትነሳ ስትል ደግሞ መለስ አለች። «ብቻ ኬላው ላይ ከራሷ ምሳ የበለጠ የያዘች ሴት አትለፍ። ለሽፍታ ነው የምትወስጂው ብለው አንዷን አስረዋታል።»

አማቴ የመጀመሪያውን ሰሙ፤ የኋለኛውን አልሰሙም። በማግስቱ ገብስ መቁላት ጀመሩ።

«በምን እንወስደዋለን እማማ?» አልኳቸው፣ የተደረደረውን እያየሁ።

«በጀርባችን ነዋ።»

«ኬላውስ?»

የአቁማዳውን አፍ ያጠብቁ ጀመር። እኔም መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና ከመካከሉ ማውጣት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያወጣሁት ድስቱን ነው። «ሽሮውን በምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ። «ሽሮ አይሠራማ፤ እሳት አያነዱም ተብሏል» አልኳቸው። ሽሮውን ራሳቸው አንስተው ጓዳ መለሱት። ድስቱን ግን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ድርቆሹን ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩት። ያ ሁሉ አገልግል ተወቅጦ ከአንድ ጣሳ አልዘለለም፤ ለካ ያን ያህል ቦታ የያዘው ንፋስ ኖሯል። ከቋንጣው ስቡን እየለቀምኩ አውጥቼ፣ ምድጃ ዳር እንደገና አድርቄ፣ ከበርበሬና ከጨው ጋር ወቅጬ ዱቄት አደረግሁት። እቅፍ ሙሉ የነበረው አራት እፍኝ ሆነ። በሶውን እንዳለ ብንወስደው መበጥበጫ ዕቃና ውሃ ይፈልጋል፤ በነጠረ ቅቤ አሽቼ ጭኮ አደረግሁት። ጭኮ ዕቃ አይፈልግም፤ ሰው እየሄደም ቆርሶ ይበላዋል። ያም ሆኖ ከአቁማዳው ሩቡን እንኳ አልነካሁም። ዳቦ ቆሎውን ጨርሶ ተውኩት፤ ሲሄዱበት ይንኳኳል።

ማሩ ላይ ስንደርስ ተጣላን።

«ማሩንስ አትነኪውም!» አሉ አማቴ፣ ቅሉን ወደ ደረታቸው ስበው። «ጡት ያስጣልኩት በማር ነው። እስካሁንም ማር ሲያይ እንደ ሕፃን ነው።»

«ቅሉ ከማሩ ይከብዳል እማማ።»

«ይክበዳ! የምሸከመው እኔ!»

ጥቂት ጠበቅኳቸው። ከዚያ ቅሉን ከእጃቸው ወሰድኩና ማሩን በሶ ላይ ገልብጬ፣ እጅ የማይዝ ደረቅ ሊጥ እስኪሆን አሸሁት። ባዶውን ቅል መለስኩላቸው። ውስጡን በጣታቸው እየጠረጉ አለቀሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ሆኗል» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ሰው የሌላውን ሰው በሽታ አይቶ እንደሚናገረው ነው የተናገሩት።

«ይሆናል» አልኳቸው። ሊጡን ማሸት ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ፣ ወርዱ አራት ጣት የሆነ ረጅም ከረጢት ሰፋሁ። ስንቁን ጠቅጥቄ ሞላሁትና እንዳይንሸራተት በየስንዝሩ በክር ቋጠርኩት። እንዲህ ያለ ሁለት ሠራሁ፤ አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለኔ። ከቀሚሳችን በታች ወገባችን ላይ ጠመጠምነው፤ ከቀሚሱ በላይ መቀነት ታጠቅንበት። አማቴ ከሲታ ስለነበሩ የወፈሩ እንጂ የተሸከሙ አይመስሉም ነበር። በእጃችን የያዝነው የአንድ ቀን ምሳ ያለበት ትንሽ አገልግል ብቻ ነው።

ጧት ከመነሳታችን በፊት አማቴ ጠሩኝና ራሴን ቅቤ ቀቡኝ። «ሲያይሽ እንድታምሪ» አሉኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀባሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት የወረድነው በእግር መንገዱ ነው። ከበላያችን ባለው አዲሱ መንገድ የጣሊያን ካሚዮኖች አቧራቸውን እያወረዱብን ያልፋሉ። አማቴ በየመታጠፊያው ይቀመጣሉ። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ደሴ ላይ እንደ ሰም የደረቀው ጭኮ እየላላ፣ ቅቤው በከረጢቱ እየሰረገ ሆዴ ላይ ሲወርድ ይታወቀኝ ጀመር። የእግር መንገዱ ከትልቁ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ኬላው ነበር።

ያስቆመን ለጣሊያን ያደረ፣ ቀይ ቆብ ያደረገ የአገራችን ሰው ነው።

«ወዴት ነው?»

«ኮምቦልቻ። ጥጥ ልንገዛ» አልኩ።

አገልግሉን ከፍቶ አየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።»

«ራሴን ተቀብቼ ነው።»

ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፍ አደረገው። ቅቤው ከፀጉሬ እየቀለጠ ግንባሬ ላይ ወርዷል። ሰውየው ሳቀ፤ ከምሳችን ግማሹን አንስቶ እያላመጠ «እለፉ» አለን።

ርቀን ከሄድን በኋላ አማቴ እጄን ያዙኝ። 

«አልፈራሽም?»

«አልፈራሁም።»

«እኔስ ያዘን ብዬ ነበር» አሉ። ያለመፍራቴ ለሳቸው ድፍረት መስሏቸዋል። ድፍረት አልነበረም። ቢይዘኝም ባይዘኝም ለኔ ያው ነበር።

ኮምቦልቻ ያኔ ከገበያው፣ ከጣሊያን ጋራዥና ከጥቂት ቤቶች በቀር ብዙም የላትም። ጥጥ ፈታይዋ አርባ ያለፋት፣ ረጅም፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሙስሊም ሴት ናት። «መርሐባ፣ ግቡ ግቡ» ብላ በሩን ዘጋችና ከረጢቶቹን ስንፈታ ቆማ አየች። ጨርቁ በቅቤ ርሶ ነበር። አንዱን ቋጠሮ ጨመቀችው፤ ቅቤው በጣቶቿ መካከል ወጣ።

«ይኼ የደጋ ስንቅ ነው» አለች። «እዚህ ቅቤ ውሃ ነው። ቆላ ሲወርድማ የሚደርሰው ጨርቁ ብቻ ነው። ሥጋውስ የናንተ ነው?»

«አዎ።»

«እዚያ ያሉት የናንተም የኛም ልጆች ናቸው። ሥጋው አንድ ላይ ከታሰረ ግማሾቹ ሳይበሉ ያድራሉ። ለይው።»

ለየሁት። አማቴ «ልጄስ?» ሲሉ፣ ቆላ ወርደዋል፣ እዚህ አይመጡም፣ ስንቁን የሚያደርስ ታማኝ ሰው አለ አለቻቸው። አራት ቀን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። የደሴው ቤት ባዶ ሆኖ ከቆየ የት ሄዱ ተብሎ ይጠየቃልና አማቴ ጥቂት ጥጥ ይዘው ተመለሱ። እኔን ጥጥ ፈታይዋ አስቀረችኝ።

«እጅሽን አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ለባልሽም ለጓደኞቹም የሚሆን ስንቅ አብረን እንሥራ። ሰው ከጠየቀ ፈትል የምታግዘኝ ናት እላለሁ።»

«እሺ እትዬ» አልኳት። እንዲህ ሆኜ ስድስት ወር ተቀመጥኩ።

ስንቁን የሚያደርሰው ጢሙ የነጣ ከሰል ሻጭ ነው። በገበያ ቀን ከቆላ በአህያ ከሰል አምጥቶ ይሸጥና ባዶ ጆንያዎቹን አጣጥፎ ይመለሳል። ስንቁ የሚሄደው ከእነዚያ ጆንያዎች እጥፋት ውስጥ ነው። ባዶ ጆንያ ደግሞ ባዶ መምሰል አለበት። ድቡልቡል ነገር ከገባበት ከሩቅ ይታወቃል። ስለዚህ ስንቁ መቅለሉ ብቻ አልበቃም፤ መሳሳትም ነበረበት።

ያን ያገኘነው ብዙ አበላሽተን ነው። ቅቤውን ተውነው። ሥጋውንም ተውነው፤ ለሁለት መለየቱ፣ ምልክት ማድረጉ፣ ሲምታታባቸውም መጣሉ አሰለቸን። የተቆላ ገብስና የተቆላ ሽምብራ ፈጭተን፣ ቆልተን ከወቀጥነው ተልባና ከጨው ጋር በጥቂት ውሃ አሽተን፣ በመዳፋችን ልክ ጠፍጥፈን ጣሪያ ላይ በፀሐይ አደረቅነው። የኮምቦልቻ ፀሐይ በሁለት ቀን እንደ ቁርበት ያደርገዋል። የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። አንድ ሰው በቀን ሦስት ይበቃዋል። ሦስት ሦስቱን ደራርቤ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይበልጥ በእጄ እየመዘንኩ አስር ነበር። ኋላ ላይ መመዘንም አላስፈለገኝም፤ እጄ ራሱ ያውቀው ጀመር።

ለባሌ ግን የተለየ ነገር አደርግ ነበር። ከሁሉም መካከል አንዷን ጥቅል በማር አሽቼ፣ ከመቀነቴ ጥለት በመዘዝኩት ቀይ ክር አስራታለሁ። ለከሰል ሻጩም «ቀይዋ የሱ ናት» እለዋለሁ። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጣ፣

«ደረሰው?» እለዋለሁ።

«ደርሷል፤ በልተውታል» ይለኛል፣ አህያውን እያየ።

ናፍቄው እንደሆን አላውቅም። ፊቱን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣብኝ ትከሻው ላይ ያለው ቁስል ነው። ቢሆንም ክሩን አልረሳሁም። በየሳምንቱ አንዲት ቀይ ክር መምዘዝ ከሥራዎቼ አንዱ ሆነ።

በግንቦት ከቆላ አንድ ወባ የያዘው ሰው መጣ። ከሰል ሻጩ አጋዥ አስመስሎ አስገባው፤ ከጓዳው ጥጥ መካከል ሁለት ቀን ተኛ። ትኩሳቱ ሲለቀው እህል አምጡ አለ። ለማግስቱ ካዘጋጀሁት ውስጥ እጄ ላይ የመጣውን ወስጄ ሰጠሁት። ቀይ ክር ያላት ነበረች። ሰውየው ክሩን አይቶ ፈገግ አለ።

«ይችን አውቃታለሁ። የማር ናት። ዕጣ ጥለን ነው የምንበላት።»

«ለምን ዕጣ?»

«ባለቤቷ የለማ።»

«የት ሄዶ?»

«ሞተ እንጂ። ጥቅምት ላይ እኮ ነው፤ እሸት ሲደርስ አካባቢ። የድሮ ቁስሉ ገነፈለበት። ይቺ ስንቅ መምጣት ከመጀመሯም በፊት ነው።» ከዚያ ፊቴን ቀና ብሎ አየኝ። ማን እንደሆንኩ አልነገሩትም ነበር።

«ውሃ ልጨምርልህ?» አልኩት።

ጨመርኩለት። ጠጣ። ዕቃውን ይዤ ወጣሁ።

ጥጥ ፈታይዋ ደጅ ቆማ ጣሪያው ላይ የተሰጣውን ስንቅ እየገለበጠች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው እትዬ?»

እጇ ቆመ። ማን ነገረሽ አላለችኝም። «ከታኅሣሥ» አለች። «ወላሂ፣ በየቀኑ ልነግርሽ እነሳለሁ። ብነግርሽ ትሄጃለሽ። ብትሄጂ እኔ ብቻዬን አልችለውም፤ እነሱ ይራባሉ። አላህ ይጠይቀኛል፤ አውቃለሁ። ስደቢኝ፤ ምቺኝም።»

ልሰድባት ፈለግሁ ብል ውሸት ነው። ሊሰማኝ የሚገባ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ጣሪያው ላይ ያለው ስንቅ አንድ ወገኑ ደርቋል፣ ሌላው ወገን ገና እርጥብ ነው።

«ለነገ ለስንት ሰው ነው?» አልኳት።

 «ለአሥራ አራት» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

በዚያ ቀን የቀረውን ማር ሁሉንም አወጣሁና በአሥራ አራቱም ላይ እኩል አካፈልኩት። ቀይ ክር ከዚያ ወዲያ አልመዘዝኩም።

በሰኔ፣ ክረምቱ ሳይበረታ፣ ለአማቴ ልነግር ደሴ ወጣሁ። በር ላይ ሲያዩኝ መጀመሪያ ያዩት ከኋላዬ ሌላ ሰው መኖሩን ነው። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«እማማ፣ ሞቷል።»

«መቼ?»

«በጥቅምት። እኛ ሳንነሳ።»

ወደ ጓዳው፣ ወደ አቁማዳው ዞር አሉ። «እኔኮ ገብስ ስቆላ ነበር» አሉ። «ለሞተ ሰው ገብስ ስቆላ ነበር።»

ለቅሶ መቀመጥ አልቻልንም። ሽፍታ ነው ለተባለ ሰው ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ይታወቃል፤ ይጠየቃል። አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ድምፅ እንዳይወጣቸው እኔ ጀርባቸውን አቅፌ ያዝኳቸው። ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ እኔንም አብሮ ያንቀጠቅጠኝ ነበር፤ ከውጭ ላየን ሁለታችንም የምናለቅስ እንመስል ይሆናል። ለጎረቤት ጥርሳቸውን አሟቸው ነው አልኩ።

ክረምቱን ደሴ ከረምን። መስከረም ሲጠባ አማቴ የቀረውን ገብስ ገበያ አውጥተው ሸጡና «ውሰጂኝ» አሉኝ። ኮምቦልቻ ወርደው ጥጥ ፈታይዋን ሲያገኙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አንድ ቀን ሙሉ ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ በማግስቱ ከማሸው ሊጥ ቆርሰው ወሰዱና ይጠፈጥፉ ጀመር። የሳቸው ይወፍራል። ጥጥ ፈታይዋ ማንም ሳያይ እያነሳች ታሳሳው ነበር።

መቃብሩን ያሳየን ከሰል ሻጩ ነው። በኅዳር፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ እንጨት ለቀማ እንደወጣን ሆነን ጎሕ ሲቀድ ተነስተን ግማሽ ቀን ሄድን። ከአንድ ግራር ሥር የተከመረ ድንጋይ ነው። መስቀል የለበትም፤ እንዳይታወቅ ብለው ነው። ሽማግሌው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አማቴ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳሰሱ ያወሩት ጀመር። እኔ እንዴት እንደሆንኩ፣ በቅሎዋ እንደተወሰደች፣ የጎረቤት ቤት እንደፈረሰ፣ አንድ በአንድ ነገሩት። ልጁንም የት እንደቀበርነው ነገሩት። እሱ ከጦርነቱ ሲመለስ ጠይቆን ነበር፤ ሁለታችንም ቦታውን ለማሳየት አቅም አጥተን ነበር።

እኔ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ነበረች። የአማቴን ድምፅ እየሰማሁ ጋደም አልኩ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዋሻው ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። አማቴ ሲቀሰቅሱኝ ጥላው ዞሯል፤ ጉንጬ ላይ የድንጋይ ምልክት ነበር። የት እንዳለሁ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ።

«ተነሺ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው። «ሩቅ ነው የምንሄደው።»

ተነሳሁና ቀሚሴን አራግፌ ከኋላቸው ተከተልኩ።